ሲያዩት የሚሠራ ሬዲዮ

የአንድ ሰው ዕድሜ በመጨረሻ ተሰብስቦ ሲመዘን ምን ያህል ይሆናል? ሰው ስንት ዓመት ይበላል ይጠጣል፣ ይወዳል ይጣላል፣ ይሠራል ያፈርሳል፤ አፈር ከለበሰ በኋላ ግን ጎረቤት በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። ቪሊሞኒን ከደሴታችን ከተማ ከሌቩካ በላይ ባለው ዳገት የቀበርን ዕለት፣ ምንጣፍ ላይ እግራችንን አጣጥፈን ያንጎና በሚባለው የሥር መጠጣችን ገበቴ ዙሪያ ስንቀመጥ፣ የእሱም ዓረፍተ ነገር ከኮኮናቱ ጽዋ ጋር ከእጅ ወደ እጅ ዞረች፤ «ቁጡ ሰው ነበር።» አጨበጨብን፣ ጠጣን፣ አለቀ። ቁጣው ከየት እንደመጣ ያነሳ አልነበረም። እዚህ ደሴት ላይ መጠየቅ መነዝነዝ ነው። የሚነገርህን ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ እንጂ ሄደህ የሰው በር አታንኳኳም። ሰውየው ደግሞ ዕድሜውን የጨረሰው ይህንኑ ሲረግም ነው።

ቪሊሞኒ ባቲኪ ደሴት ተወልዶ፣ ዋና ከተማችን ሱቫ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር የተማረ ሰው ነበር። የክፍሉ ልጆች ኦክላንድና ብሪዝበን ሲበተኑ እሱ ወደ ሌቩካ ተመለሰ። በባሕሩ ዳር መንገድ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ፣ ለትንንሽ ጀልባዎች የነፋስ ማስታወቂያ የምታስተላልፍ አንዲት ጣቢያ ነበረች፤ እዚያ ገባ። «ይህን ሁሉ ተምረህ ለዓሣ አጥማጅ ልታወራ መጣህ?» ለሚሉት፣ «አጎቶቼ ያሉት ባሕር ላይ ነው፤ ለማን ላውራ?» ይል ነበር።

ጣቢያዋን ያናገራት የእሱ ፕሮግራም ነው። የአየሩን ጠባይ የሚተነብዩት ነፋስ አዋቂዎች ማስታወቂያቸውን ጽፈው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣሉ። ፕሮግራሙ ፎልደሩ ደጃፍ ላይ እንደተኛ ዘበኛ ነው። ፋይሉ በተቀየረ ቁጥር ኮምፒውተሩ ትከሻውን ነካ ያደርገዋል፤ ዘበኛው ይነቃና አዲሱን ቃል በሬዲዮ ያነባል። ካልነኩት ደግሞ የመጨረሻውን ቃል በየሰዓቱ ይደግማል። በባቲኪ፣ በናይራይ፣ በጋው ደሴቶች ሞተር ያለው ሁሉ ጀልባውን ወደ ውኃ ከመግፋቱ በፊት ያንን ድምፅ ይሰማል። ቪሊሞኒ በመንገድ ሲያልፍ ከየሱቁ የሱ ሬዲዮ ሲያወራ እየሰማ፣ ልጁ ጸሎት ሲመራ እንደሚሰማ አባት አንገቱን ቀና ያደርግ ነበር።

ያኔ ፎልደሩና ፕሮግራሙ የሚኖሩት አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ነፋስ አዋቂውም እዚያው ክፍል፣ እዚያው ወንበር ላይ። ከጊዜ በኋላ ዋናው ቢሮ ነፋስ አዋቂዎቹን በሙሉ ሱቫ ሰበሰባቸው። ፎልደሩም ሱቫ ወዳለ ትልቅ ሰርቨር ተወሰደና በኔትወርክ ተስቦ እንዲታይ ተደረገ። ሌቩካ ላለው ሰው የተለወጠ ነገር የለም፤ ስሙ ያው፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ቦታ ያው። ባሕር ማዶ የሄደ ነገር ከቤቱ ያልወጣ መስሎ ቁጭ አለ።

ቪሊሞኒ ነገሩ የገባው ሱቫ ያለ ነፋስ አዋቂ ደውሎ፣ «ቪሊ፣ ማስታወቂያውን ከቀየርን ቆየን እኮ፣ እናንተ ጋ አልተነበበም?» ሲለው ነው። ሬዲዮው የጠዋቱን እየደገመ ነበር። ምን ጉድ ነው ብሎ ፎልደሩን ከፈተ። ጣቱን ከማውዙ ሳያነሳ ሬዲዮው ከአዲስ ቃል በፊት የሚያሰማውን ፉጨት አሰማና አዲሱን ማስታወቂያ ጥርት አድርጎ አነበበ። «አሁን ገና፣ ስከፍተው ነው ያነበበው» አለ በስልኩ።

ሰነባብቶ አጣራው። ፋይሉን የቀየረው የሱቫው ኮምፒውተር መቀየሩን ያውቃል። የሌቩካው ግን የነገረው የለም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ፎልደሩ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ስለ ፎልደሩ ያለው ትዝታ ነው። አንድ ሰው እጁን ሰዶ ሲከፍተው፣ ያኔ ብቻ ትዝ ይለውና ወደ ሱቫ ዞሮ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ይላል፤ ልዩነቱን ያያል፤ ዘበኛውንም ይቀሰቅሳል። ሳይከፍቱት ግን ዝም ነው። ይህ የማሽን ሕመም ብቻ ነው እንዴ? በሩቅ ያሉ ወገኖቻችንን ስንቶቻችን ነን በመጨረሻ ባየንበት መልክ ይዘን «ደኅና ናቸው» የምንል? ልዩነቱ፣ የእኛን ትዝታ አምኖ ባሕር የሚገባ አለመኖሩ ነው።

የጣቢያው አለቃ ዋይሴያ ይባላል፤ ድምፁ የማይጮህ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ከሱቫ ሹማምንት ጋር በስም የሚጠራራ ሰው። ቪሊሞኒ ቢሮው ገባ።

«አለቃ፣ ሬዲዮው ደንቁሯል።»

«አሁን መንገድ ላይ ሰማሁት እኮ።»

«ማውራት ያወራል። መስማት ነው ያቆመው። ፋይሉ ሱቫ ሲቀየር አያውቅም።»

«እሺ፣ ልየው» አለ ዋይሴያ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ኩሱም የምትባል የጣቢያዋ ጸሐፊ፣ የአለቃውን እግር ደረጃው ላይ ስትሰማ እንደ ልማዷ ተነሳች። ትልቅ ሰው ሲመጣ ወንበሩ ተጠርጎ፣ ስክሪኑ በርቶ፣ የሚፈልገው ነገር ተከፍቶ ካልጠበቀው ነውር ነው። ወንበሩን ጠረገች። ስክሪኑን አበራች። ፎልደሩንም ከፈተችለት። ሬዲዮውም አዲሱን ማስታወቂያ፣ ነጋሪ በንጉሥ ፊት እንደሚናገር አንበለበለው።

ዋይሴያ ሳቀ። «ቪሊሞኒ፣ ይሄ ነው ደንቆሮ? ከሚስቴ ይሻላል፣ ሳልጠራው ይመልሳል!»

«ኩሱም ስለከፈተችው ነው!»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ፣ ወንድሜ?» አለች ኩሱም፣ ጨርቁን እንደያዘች።

በሌላ ቀንም መጣ፤ እንደገና ተከፍቶ ጠበቀው፣ እንደገና ሠራ። ለሦስተኛ ጊዜ ቪሊሞኒ ኩሱምን ለምኖ፣ «እባክሽ እኅቴ፣ ዛሬ አክብሮትሽ ይቅርብሽ» ብሏት እጇን ሰበሰበች። ያን ቀን ደግሞ ዋይሴያ ራሱ ቆሞ መጠበቅ ሰለቸውና፣ «የታለ ፋይሉ?» ብሎ ከፈተው። ሠራ። ከዚያ ወዲያ ቪሊሞኒ በጣቢያዋ ውስጥ የተናገረው ሁሉ ያረጀ ሰው ብሶት ተደርጎ ተቆጠረ።

መፍትሔው ከባድ አልነበረም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ዘበኛው ትከሻው እስኪነካ መተኛቱን ይተውና በየደቂቃው ተነስቶ ራሱ ይጠይቅ፤ ፋይሉ መቼ ነው የተጻፈው፣ ስንት ሆነ፣ ከቀድሞው ይለያል ወይ ይበል። ቪሊሞኒ አንድ ከሰዓት ቁጭ ብሎ ይህን ጻፈ። ሠራም። ለሁለት ሳምንት ሬዲዮው እንደ ድሮው ጆሮ ነበረው። ከዚያ ሱቫ ያሉት፣ ከሌቩካ የሚመጣው ጥያቄ በዝቶ መስመሩን አጨናነቀብን ብለው የየደቂቃውን ጥያቄ ዘጉት፤ ዘበኛውም ወደ ቀድሞ እንቅልፉ ተመለሰ። ቆይተው ለዋይሴያም ደወሉለት።

«ምን አድርገህ ነው የምታሳፍረኝ?» አለው ዋይሴያ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በየደቂቃው የሰው በር ታንኳኳለህ? ለማኝ ነን? ሱቫ የሚነግረን ነገር ሲኖረው ይነግረናል።»

«አይነግረንም አለቃ! የመንገሪያ መንገድ የለውም! እኔ እኮ ነኝ የማውቀው—»

«ፈቃድ ሳትጠይቅ ነው የሠራኸው?»

«ስጠይቅዎትማ ሳቁብኝ።»

ዋይሴያ መዳፉን ዘረጋ። «ቁልፉን ስጠኝ። ከእንግዲህ የምትገባው እኔ ስኖር ነው።»

ያ ቁልፍ የበር ቁልፍ ብቻ አልነበረም። ቪሊሞኒ ዘበኛውን ከከለከሉት በኋላ ራሱ ዘበኛ ሆኖ ነበር፤ ሲገባ ይከፍታል፣ ምሳውን ካሳቫና ዓሣውን በአንድ እጁ እየበላ በሌላው ይከፍታል፣ ሲወጣ ይከፍታል። እሑድ ጣቢያዋ ሰው የላትም፤ እሱ ግን ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ በእሑድ ልብሱ ደረጃውን ይወጣና ይከፍት ነበር። አሁን በአዘቦት ቀን ኩሱም አዝናለት ፎልደሩን ትከፍትለታለች። እሑድ ግን ቀረ።

ቪሊሞኒ ከሁሉም በፊት ያሰበው ሴቫናያን ነው። ሴቫናያ የአባቱ እኅት ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለውን ዘመድ እኛ ታቫሌ እንለዋለን። ታቫሌህ የሚሰድብህ፣ የምትሰድበው፣ ኮፍያህን ነጥቆ የሚሮጥ፣ በቀብርህ ላይ እንኳ የሚያሾፍብህ ሰው ነው። በሁለት ታቫሌዎች መካከል የሚነገር ነገር ሁሉ ቀልድ ነው፤ ቁም ነገር የሚያወራ ታቫሌ ታይቶም አይታወቅ። ሴቫናያ ባቲኪ ላይ አንዲት ሞተር ያላት ጀልባ ነበረችው፤ ታማሚ፣ ዱቄት፣ አሳማ፣ ሙሽራ፣ ያልጫነው የለም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሌቩካ መጥቶ በቪሊሞኒ ቤት ያንጎና ሲጠጡ፣ ቪሊሞኒ ጽዋውን አስቀመጠና፣ «ስማ፣ እሑድ እሑድ ሬዲዮዬን አትመን» አለው።

ሴቫናያ ዓይኑን አፈጠጠ። «ምነው፣ ይሰክራል?»

«የምሬን ነው። ደንቆሮ ነው። የቅዳሜውን ነው እሑድ የሚደግመው።»

«አይ ቪሊ! ጌታው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ቆዳው እስኪነጣ መጽሐፍ አንብቦ፣ የሠራው ሬዲዮ ሰንበት ያከብራል!»

ምንጣፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ሴቫናያ፣ አትሳቅ። ብትሞት አላለቅስልህም።»

«አንተማ መች ታለቅሳለህ፣ ጀልባዬን ለመውረስ እየቸኮልህ!» ብሎ ሌላ ጽዋ ጠጣ፤ ሰዎቹም አጨበጨቡለት። በሚቀጥሉት ሳምንታት ያችን ቀልድ ከደሴት ደሴት ይዟት ዞረ። «የታቫሌዬ ሬዲዮ ሰንበት ያከብራል» እያለ ሰው ሁሉ አሳቀባት። ቪሊሞኒ በሌላ ሰው አፍ ሊያስነግረው ይችል ነበር፤ ለሰባኪው፣ ለመንደሩ ሹም፣ ለሴቫናያ ሚስት። አላደረገውም። ራሱ የተናገረው ይበቃል ብሎ ገመተ። ማሽኑን የሚወቅስበትን ስሕተት እሱም ሠራው፤ ተናገርሁ አለ እንጂ ተሰማሁ ወይ ብሎ ተመልሶ አልጠየቀም።

ከእነዚያ ሳምንታት በአንዱ እሑድ ባቲኪ ላይ የጎረቤት ልጅ ትኩሳት ያዘውና ሴቫናያ ከሌቩካ መድኃኒት ሊያመጣ ተነሳ። ሬዲዮውን ሰማ። «ነፋሱ ቀላል፣ ባሕሩ ጸጥ ያለ» አለው። ሱቫ ያሉት ግን እኩለ ቀን ላይ ማስታወቂያውን ቀይረው፣ ትንንሽ ጀልባዎች እንዳይወጡ ብለው ጽፈው፣ ፎልደሩ ውስጥ አስቀምጠው፣ ሥራቸውን እንደጨረሰ ሰው ወደ ምሳቸው ሄደዋል። ሌቩካ ላይ ሬዲዮው በየሰዓቱ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ በዚያው በተረጋጋ ድምፁ «ነፋሱ ቀላል፣ ባሕሩ ጸጥ ያለ» እያለ ዋለ። ዝም ቢል ኖሮ ሰው ይጠራጠር ነበር። ቪሊሞኒን እስከ መቃብሩ ያንገበገበው ይህ ነው፤ ዝም አለማለቱ።

ሰኞ ጠዋት ዋይሴያ በሩን ሲከፍትለት ቪሊሞኒ ኮፍያውን ሳያወልቅ ፎልደሩን ከፈተ። ሬዲዮው ፉጨቱን አሰማና የትናንቱን የማዕበል ማስጠንቀቂያ አነበበ። መስኮቱ ሥር ባሕሩ ተመልሶ ረግቶ ነበር። ሳይቀመጥ ስልኩ ጮኸ፤ የሴቫናያ ሚስት ላቬኒያ ነበረች፣ እየሳቀች።

«ቪሊ፣ ባሌን ቀስቅሰህ ላክልኝ። ያንጎናህን ሲጋት አድሮ አሁን እንደዚያ የባሕር ላም፣ እንደ ዱጎንግ ያንኮራፋል አይደል?»

ቪሊሞኒ በመስኮቱ ወደ ባሕሩ አየ።

«ምነው ዝም አልህ? ልጁ እንኳ ያለ መድኃኒት ተሻለው። በለው፤ ልጁ ድኗል፣ አንተ ነህ የቀረኸው በለው።»

«ላቬኒያ» አለ፣ «መቼ ነው የወጣው?»

«ትናንት ከሰዓት ነዋ። ሬዲዮህ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው አለ አይደል? እኔማ አላሰብሁም፣ ደኅና ተኛሁ...» መሳቋን ያቆመችበትን ቅጽበት ቪሊሞኒ በጆሮው ሰማው።

ጀልባዋ ዋካያ ደሴት አጠገብ ኮራል ድንጋይ ላይ ተገልብጣ ተገኘች። ሴቫናያ አልተገኘም። ባዶ ምንጣፍ ላይ ተለቀሰለት፤ ቪሊሞኒም በታቫሌነቱ ተነስቶ ማሾፍ ሲገባው ተነሳ፣ አፉን ከፈተ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ከሱቫ ሦስት አጣሪዎች መጡ። ሰብሳቢያቸው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚናገር፣ ትሕትና የማይለየው ሰው ነበር። ኩሱም የእንግዶቹን እግር ደረጃው ላይ ስትሰማ ተነሳች፤ ቪሊሞኒን አየችው፤ ተመልሳ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ሥር ደበቀቻቸው። አምላክ ይስጣት። ዋይሴያ ግን እንግዶቹን በባዶ ስክሪን መቀበል አፈረና ጎንበስ ብሎ በገዛ እጁ ከፈተላቸው። ሬዲዮው ተናገረ።

«ይሄው እንግዲህ» አለ ዋይሴያ። «በዓይኔ ያየሁት ነው የምነግራችሁ። ሁልጊዜ ይሠራል።»

«አንተ!» አለ ቪሊሞኒ።

ሌቩካ ላይ ዋይሴያን በአደባባይ አንተ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም።

«አንተ ነህ አሁን የቀሰቀስኸው! ስታየው ነው የሚሠራው፤ ስትሄድ ነው የሚሞተው! ሴቫናያ በወጣበት ቀን ማን ከፈተው? ቁልፉ የማን ኪስ ነበር?»

«አቶ ቪሊሞኒ» አለ ሰብሳቢው በለስላሳ ድምፅ፣ «ፕሮግራሙን የጻፉት ማን ናቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ፕሮግራሙ ችግር ካለበት...»

«በእኔ ስም ጻፉት! ቪሊሞኒ ገደለው በሉ! ያንን አይደለም የምለው!» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «የሚመጣው እሑድ ሌላ ሰው ይወጣል። ይህ ነገር አሁንም ያወራል፣ አሁንም አይሰማም። ትሰሙኛላችሁ? አይሰማም!»

«መቆጣቱ አይጠቅምም» አለ ሌላው አጣሪ።

ኩሱም ግራ ስለገባት ተነስታ ሻይ ቀዳች። ቪሊሞኒ ከጽዋዎቹ የሚወጣውን እንፋሎት አየ። ቁጣው እንዳለ ነበር፤ ድምፁን ብቻ አወረደው። በዚያች ጣቢያ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የተናገረው ይህን ነው።

«እሺ። አንዲት ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ሱቫ ደውሉና ማስታወቂያውን ይቀይሩት፤ የፈለጉትን ይጻፉ። ከዚያ ጽዋችሁን ከፊታችሁ አድርጉ፣ እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ አስቀምጡ። ምንም አትንኩ። ምንም አትክፈቱ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከእኔ ጋር ዝም ብላችሁ ቁጭ በሉና ይህን ሬዲዮ አድምጡት።»

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ፤ የሱቫው ጀልባ መነሻው ደርሶ ነበር። ሻዩን በትኩሱ፣ እንደቆሙ ጠጡት።